ፀሐይ የበላው ክር

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ እናቴ ስፌት የጠፋባት መስሎኝ ነበር።

በቂ ማስረጃ ነበረኝ። ለዓሣ አጥማጆቹ የሰፋችው መረብ ሐይቁ መሃል ላይ ተተረተረ። አንዱ ብቻ ቢሆን አጋጣሚ ነው ይባላል። ሁለተኛውም ተተረተረ። ሦስተኛው ሲተረተር ሰዎቹ መረቡን ውሃው እየተንጠባጠበ ተሸክመውት መጡና የፊት ክፍላችን ወለል ላይ ዘረገፉት። ክፍሉ የእናቴ ስፌት ቤት ነው፤ አንድ የእግር ስፌት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ በሚስማር የተንጠለጠሉ ያላለቁ የተማሪ ዩኒፎርሞች። ውሃው በጠረጴዛው ሥር ሾልኮ የደብተር ቦርሳዬን አራሰው። ቤቱ ጭቃ ጭቃ ሸተተ።

«እህቴ፣ እጅሽን ምን ነካው?» አለ ሞተሩ። ሞተሩ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ሊቀመንበር ነው፤ ስሙን ያገኘው በጀልባው ላይ ሞተር የገጠመ የመጀመሪያው ሰው ስለሆነ ነው። «ድሮ አንቺ የሰፋሽው ሱሪ እኮ ባለቤቱ ያረጃል እንጂ ሱሪው አያረጅም።»

«ዓይኔ ነው ጋሼ» አለች እናቴ። የተተረተረውን ጠርዝ በሁለት ጣቷ አንስታ ታየው ነበር። «ነጭ ክር በነጭ ጨርቅ ላይ አልታይ አለኝ።»

«ታዲያ መነጽር አድርጊ!»

«ዓሣ ሲበዛልህ ትገዛልኛለህ።»

ሰዎቹ ሳቁ። ሞተሩም ሳቀ። እኔ ግን ጠረጴዛው ሥር ሆኜ ቦርሳዬን እየጨመቅኩ በእናቴ አፈርኩ።

መረብ ያልኩት አጎበር ነው። ያን ዓመት ክሊኒኩ ለወባ መከላከያ አጎበር አድሎ ነበር። ነርሷ ቤት ለቤት እየዞረች አልጋ ቆጠረች፤ ለአንድ አልጋ አንድ አጎበር። ከእያንዳንዱ አጎበር ጥግ ላይ የቤቱን ቁጥር በማይለቅ ቀለም ጻፈችበት፣ እንዳይሸጥ። በዚያ ሰሞን መንደራችን ውስጥ አልጋ በአንድ ጊዜ እጥፍ ሆነ። የሞተሩ ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ ስምንት አልጋ አስመዘገበ።

ከሳምንት በኋላ አጎበሮቹ ከየአልጋው ወርደው እናቴ ጋ መጡ። አሥራ ሁለቱን ጎን ለጎን ትገጥማቸዋለች፤ ከላይ በኩል ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ከታች በኩል ድንጋይ የሚታሰርበት እጥፋት ትሠራላቸዋለች፤ አንድ ረጅም የሚጎተት መረብ ይሆናል። ገበያ ከሚሸጠው መረብ ይቀላል፤ የሚያመልጠውም የለም። እኔ እንደዚያ ያለ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። ነጩ ጨርቅ ከመኪናው ላይ ወደ ወለሉ እየፈሰሰ ክፍሉን ይሞላዋል፤ ሥሩ ገብቼ ስተኛ ጣሪያው እንደ ጉም ይሆናል። ጣቴን በዓይኑ ለማስገባት ሞከርኩ። የመርፌ ጫፍ እንጂ ሌላ ነገር አይገባም።

ይህ ሊገርመኝ ይገባ ነበር። እናቴ የመረብ ሠሪ ልጅ ናት። አባቷ መረብ የሚቋጥረው በእጁ ነበር፤ የእሱም ሕግ አዲስ መረብ ውሃ ከመንካቱ በፊት በቤቱ ትንሽ ልጅ ጡጫ ይለካ የሚል ነው። ጡጫው በመረቡ ዓይን ካላለፈ መረቡ ይፈታል። አባቴም ዓሣ አጥማጅ ነው፤ መረቡን የምትጠግንለት እናቴ ናት፤ ጡጫው ደግሞ የእኔ ነበር። «አምጪ እስቲ» ትለኛለች፣ እጄን ጨብጬ እሰዳለሁ፣ ያልፋል፣ «ይበቃል፣ ሂጂ ተጫወቺ»። እኔ ጨዋታ ነበር የመሰለኝ።

ሦስተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ አንድ አስተማሪ ሰሌዳው ላይ ሠንጠረዥ ሣለ፤ ዓሣ ቢያንስ አንድ ጊዜ ሳይራባ እንዳይያዝ የመረብ ዓይን ስንት መሆን እንዳለበት። ቁጥሩን አየሁና ጠረጴዛው ሥር ጡጫዬን ጨበጥኩ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጡጫ ነው፣ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ቀጥሎ አስተማሪው በአጎበር ማጥመድ የሚመጣው ከማኅበረሰቡ የግንዛቤ እጥረት ነው አለ። እጄን አወጣሁ።

«ያውቃሉ» አልኩ።

«ምንጭሽ ምንድን ነው?»

«እናቴ።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እስከ ዛሬ ሌላ ምንጭ አልጨመርኩም።

አባቴ አጎበሩ በታደለበት ዓመት የራሱን መረብ ጥሎ የሞተሩን አጎበር ከሚጎትቱት ጋር ተሰልፎ ነበር። አንድ ምሽት ራት ሳይቀርብ ተነጋገሩ።

«እነሱ ሲጎትቱ እኔ ዳር ቆሜ ልይ?» አለ።

«ቁም።»

«ይቺ ልጅስ ምን ትብላ?»

«ዛሬ የምትጎትተው የከርሞውን ራት ነው። ከርሞ ምን ልትጎትት ነው?»

«ከርሞ ራሱን ያውቃል።»

«ሸምበቆው ውስጥ ከገባችሁ ከርሞ የሚባል ነገር የለም። ስነግርህ!»

እኔ የገባኝ ራት መዘግየቱ ነበር። እማዬ ስትሰፋ ውላለች፣ ራት አልደረሰም፣ አባዬ ርቦት ተቆጥቷል። ተነስቼ ሳህኖቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። ሁለቱም አዩኝ።

«ይቺ እንኳ ታስባለች» አለ አባቴ።

ሸምበቆው ያሉት ከመንደራችን በታች ሐይቁ ወደ የብስ ገባ የሚልበት ጥግ ነው። ውሃው ከጉልበት አያልፍም። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጫማችንን አውልቀን እዚያ እንገባለን፤ ትንንሾቹ ዓሣዎች መጥተው የእግራችንን ጣት ይኮረኩሩታል፤ መጀመሪያ የጮኸ ተሸናፊ ነው። ሁልጊዜ የምትጮኸው ድምቡሼ ነበረች፣ የሞተሩ ልጅ። የሐይቁ ዓሣ በሙሉ የሚፈለፈለውና ክንፉ እስኪጠነክር የሚያድገው እዚያ እንደሆነ፣ ትልቁ ውሃ ከዚያች ጉልበት የማትሞላ ጥግ እንደሚቀለብ ያኔ ማንም አልነገረኝም። እናቴ ነግራናለች፤ ራት መስሎኝ ነው እንጂ።

ሦስተኛው መረብ በተተረተረ ማግስት ድምቡሼ ክፍል ውስጥ ከፊቴ ተገትራ «የእናትሽ ስፌት እንደ ጥርስሽ ይወልቃል!» አለች። ያኔ የፊት ጥርሴ ወልቆ ነበር። ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። ለመመለስ አፌን ስከፍት ደግሞ ጥርሴ እንዳይታይ ዘጋሁት።

የእናቴን ዓይን ልፈትን ወሰንኩ። በሩ ላይ ቆሜ ጣቶቼን ዘረጋሁላት።

«እማዬ፣ ስንት ነው?»

ከመኪናው ቀና ብላ እንኳ በደንብ አላየችኝም። «ሦስት። እጅሽንም አልታጠብሽም።»

ይህ ማስረጃ ይበቃ ነበር፣ ግን ልጅ የሚፈልገውን ነው የሚያየው። ትልቅ ነገር ይታያታል፣ ቀጭን ነገር ነው የማይታያት ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ ዋናውን አገኘሁ። ለዩኒፎርምና ለቦርሳ የምትጠቀምበት ናይለን ክር መሳቢያ ውስጥ አለ፤ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ። መረብ ስትሰፋ ግን የምታነሳው መስኮቱ ላይ ለዓመታት ፀሐይ ሲመታው የኖረውን የጥጥ ክር ነው። ጫፉን ይዤ ሳብኩት። እንደ ደረቀ ሣር ተበጠሰ። የስፌቱን ርዝመት የምትለውጠው ማዞሪያም መጨረሻው ላይ ነበረች፣ ለጊዜው ብቻ ጨርቅ ሲያያዝ እንደሚደረገው።

ምስኪን እናቴ ክሮቹን እየለየች አልነበረም። ማዞሪያው ላይ ያለውን ቁጥርም ማንበብ አቅቷታል። ልቤ አዘነ። ከዚያ የበለጠ የተሳሳተ ሐዘን አዝኜ አላውቅም።

ከዚያ ሞተሩ ሃያ አራት አጎበር አሸክሞ መጣ።

«ይኼ የመጨረሻው ነው እህቴ። ሸምበቆውን ከዳር እስከ ዳር የሚዘጋ። ይኼም ከተተረተረ ገበያ ወዳለው ልብስ ሰፊ እወስደዋለሁ፤ አንቺም አትቀየሚኝ።»

«ለምን እቀየማለሁ? ተወው፣ ከነገ ወዲያ ውሰድ።»

ሁለት ቀን ሰፋችው። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጨርሳ፣ አጣጥፋ በሩ አጠገብ ከመረችው። እኔ ጉንፋን ይዞኝ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ገና እጇን ስትታጠብ የሞተሩ ሚስት እየሮጠች ገባች። ድምቡሼ እንደ እሳት ትነዳለች፣ ታቃዣለች፣ አባትየው ውሃ ላይ ነው። የሞተሩ ሚስት ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ልጅቷን ልትሸከም አትችልም።

«እኔ አዝላታለሁ» አለች እናቴ። ወደ እኔ ዞር ብላ «በሩን ዝጊ። ማንም መጥቶ መረቡን ቢልሽ እናቴ ስትመጣ በይ» አለችና ወጣች።

ወባ ነበር። ያን ወር ከክፍላችን ሰባት ልጆች ታመሙ። አሁን ነገሩን በአንድ አረፍተ ነገር ልናገረው እችላለሁ፤ የወባ ትንኝ እጭ የሚበሉትን ትንንሽ ዓሣዎች ለማውጣት ሲባል ትንኙን የሚከለክለው አጎበር ከልጆች አልጋ ላይ ወረደ። ያኔ ግን የማውቀው እናቴ ድምቡሼን አዝላ ዳገቱን ስትወጣ ማየቴን ብቻ ነው። ቀናሁባት።

ቤቱ የእኔ ሆነ። መረቡን ፈታሁት።

እኔ የምችለው ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ነበር። መረቡም የሚፈልገው ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ነበር። የናይለኑን ክር ከመሳቢያ አወጣሁ፣ የሥር ክሩን ቦቢን ሞላሁ፣ መርፌውን በወፍራሙ ቀየርኩ፣ ማዞሪያውን ወደ ትንሹ ቁጥር መለስኩ። ተቀምጬ እግሬ ስለማይደርስ ቆሜ በአንድ እግሬ ነው የምመታው። የመጀመሪያው ስፌት ተጣመመ። ሦስተኛው ላይ እጄ ለመደ። ሃያ አራት አጎበር ሃያ ሦስት መጋጠሚያ አለው፤ ሃያ ሦስቱንም ከእናቴ ስፌት አጠገብ አስኬድኳቸው፣ ከዚያ ዞሬ መጥቼ ደረብኳቸው። ሲደክመኝ እግሬን ቀየርኩ። የቀኝ አውራ ጣቴን መርፌው ገባበትና ከአንዱ አጎበር ጥግ ላይ ትንሽ ደም ነካው፤ በምራቄ አጠብኩት። እናቴ አመሻሽ ላይ ስትመለስ መረቡ እሷ እንዳስቀመጠችው ተጣጥፎ በሩ አጠገብ ነበር። እሷ ደክሟታል፤ አላየችውም።

«ድምቡሼስ?»

«መርፌ ወግተዋታል። እዚያው ትተኛለች።» ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ምስጢሬን ይዤ ፈገግ እያልኩ ወደ መኝታዬ ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሰዎቹ መጥተው ወሰዱት። እናቴ ከሰዓት በፊት የምታስረክበው ዩኒፎርም ነበራት፤ እኔ ግን ተከትያቸው ወረድኩ። ሥራዬን ለማየት።

ሁለት ረድፍ ሆነው ጎተቱ። አባቴ በግራው ረድፍ ሦስተኛ ነበር። ጠርሙሶቹ ሸምበቆውን ከብበው ቀስ በቀስ ወደ ዳር ቀረቡ፤ የመረቡ ሆድ ከበደ፤ ሰዎቹ ወደ ኋላ ተንጋለሉ። አሁን ይተረተራል ብለው ሁሉም ጠበቁ። አልተተረተረም። «ያዘ! ያዘ!» ብሎ ጮኸ አንዱ። እኔም በልቤ ያዘ አልኩ፤ ሃያ ሦስቱም።

አሸዋው ላይ ሲገለበጥ እንደ ተሰበረ መስታወት አብረቀረቀ። የጥፍር ቁራጭ የሚያህሉ፣ ሽፋሽፍት የሚያህሉ፣ እንደ እርጥብ ዱቄት አንድ ላይ የተጣበቁ። ቁልሉ ለአፍታ ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ ይተዋል። እንቁራሪቶች ነበሩበት። ከነእንቁላላቸው የተያዙ እናት ዓሣዎች፣ ቀንድ አውጣዎች፣ ገና ላባ ያላወጣ የውሃ ወፍ ጫጩት ነበረበት። ያኔ እኔ ብዛቱን ብቻ ነው ያየሁት። የዶሮ መኖ የሚያዘጋጀው ነጋዴ መኪናውን ወደ ኋላ አስጠግቶ ሠራተኞቹ በአካፋ መጫን ጀመሩ። ዓሣ በአካፋ! አባቴ ጎንበስ አለና ከቁልሉ አንዷን በመዳፉ አነሳ፤ ረዘም ላለ ጊዜ ካያት በኋላ እጁን በሱሪው ጠረገ። እሷ የት እንደወደቀች አላየሁም።

«ዛሬ ግማሹ ነው!» አለ ሞተሩ እጁን እያፋጨ። «ነገ በዚያኛው በኩል ያለውን ሸምበቆ እንጠርገዋለን። መረቡን አስጡት!»

መረቡን አሸዋው ላይ ዘረጉት። ያን ጊዜ ነው እናቴ የደረሰችው። ሰው ባልዲ ይዞ ሲወርድ አይታ ነው የመጣችው፤ የልኬት ሜትሩ አሁንም አንገቷ ላይ ነበር፣ ሮጣ ስለነበር ታለከልካለች።

«እጅሽ ተመለሰ እህቴ!» አለ ሞተሩ። «እኔ እኮ ብዬ ነበር! እሷ ካልሰፋች ማን ይሰፋል?»

እናቴ ወደ መረቡ ሄደች። ተንበርክካ አንዱን መጋጠሚያ በሁለት እጇ ይዛ ሳበችው፣ በሙሉ ኃይሏ። አልበገር አላት። ገልብጣ ክሩን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ከዚህ በላይ ልታገስ አልቻልኩም።

«እኔ ነኝ! ዓይንሽ እስኪሻልሽ ብዬ ነው።»

«በየትኛው ክር?»

«በናይለኑ።»

«ደርበሽዋል?»

«ሁሉንም። ሁለት ሁለት ጊዜ።»

«ጎበዝ» አለች። ፊቷ ላይ ምንም ነገር አልነበረም። ከኪሷ በወረቀት የተጠቀለለ ምላጭ አወጣች፤ ልብስ ሰፊዎች እንደሚያደርጉት ለሁለት ሰበረችውና ግማሹን ለእኔ ሰጠችኝ። «ተቀመጪ። የሰፋሽውን እንፈታዋለን።»

ሳላስፈቅድ መኪናዋን ስለነካሁ የምትቀጣኝ መስሎኝ አለቀስኩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ያን የመሰለ ቀጥ ያለ ስፌት! ግን እሷ ከዚያኛው ጫፍ ጀምራ ነበርና እኔም ከዚህኛው ጀመርኩ። ክሩ ጠንካራ ነው። እያንዳንዱ ጥልፍ ለየብቻው መቆረጥ አለበት፤ ይህን ያደረግኩት እኔው ነኝ።

ሰዎቹ የምናደርገው እስኪገባቸው ሁለት አጎበር ለይተን ነበር።

«ሴትዮ! ምን እያደረግሽ ነው?» ሞተሩ ነው።

«ስፌቴን እየወሰድኩ።»

«ምን?»

«ጨርቁ የክሊኒኩ ነው። ጠርሙሱ ያንተ ነው። ስፌቱ የእኔ ነው። የእኔን ይዤ ልሄድ ነው።»

አንድ ሰው ሳቀና አፉን ያዘ።

«የማኅበሩ መረብ ነው! የሃያ ሰው እንጀራ ነው!»

«ያለፉትን ሦስቱንም ያስተረተርኳቸው እኔ ነኝ» አለች እናቴ ቀና ሳትል፤ ምላጩ አላቆመም። «ዓይኔ ደህና ነው ጋሼ። ከዚህ ተቀምጬ ሸሚዝህ ላይ ሦስተኛው ቁልፍ እንደሌለ አያለሁ።»

ሁሉም ወደ ሸሚዙ አየ። አልነበረም።

እኔም ሰምቻለሁ። ግን አላመንኳትም። ዓይኗ መድከሙን በሰው ፊት ላለማመን የምትዋሽ መስሎኝ፣ ይበልጥ አዘንኩላት። አንድ ልጅ ስንት ጊዜ ሊሳሳት እንደሚችል ለማየት የፈለገ እኔን ይመልከት።

ሞተሩ ወደ እሷ ተራመደ። ክንዷን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ አባቴ መሃል ገባ።

«እሷን የምቆጣት እኔ ነኝ! አንተ ማን ነህ?»

«ሚስትህን ያዝ እንግዲህ!»

«እይዛታለሁ!» ወደ እናቴ ዞረ። «አንቺስ አብደሻል? ቤት እንነጋገራለን! ሰው መሃል እንዲህ ታዋርጂኛለሽ?» ይጮኽባታል እንጂ ምላጯን አልቀማትም፣ ከቆመበትም ፈቀቅ አላለም። ጮሆ ሲጨርስ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ሰዎቹ አዙሮ፣ እጁን አጣምሮ ቆመ። እንደዚያ ሆኖ ቆየ።

ብዙ ሴቶች ባልዲ ይዘው መጥተው ነበር። የሞተሩ ሚስት ከዳር ቆማለች፤ ሌሊቱን ክሊኒክ አድራ ዓይኗ አብጧል። እናቴ አንዱን አጎበር ከሁለት ጎኑ ለቀቀችው፣ ጥጉን ገልብጣ የነርሷን ጽሑፍ አነበበችና ወደ እሷ ዘረጋችው።

«ይቺ የእናንተ ቤት አጎበር ናት። ልጅሽ ከክሊኒክ ስትወጣ ስቀይላት።»

«እንዳትወስጂ!» አለ ሞተሩ።

ሴትየዋ ባሏን አላየችውም። መጥታ ወሰደችው፤ አሸዋውን አራገፈች፣ ሁለት ጊዜ አጠፈችው፣ ከሆዷ በላይ አቅፋ ዳገቱን መውጣት ጀመረች። ባልዲዋ እዚያው ቀረ። ከዚያ ሌላ ሴት መጣችና «የእኛ አርባ አንድ ነው፣ አርባ አንድን እዩልኝ» አለች። ሌላዋ ደግሞ እኔ አጠገብ ተቀምጣ በጥርሷ መበጠስ ጀመረች። አመሻሹ ላይ አሥራ አንድ አጎበር በሴቶች ክንድ ላይ ወደየቤቱ ሄዷል። የቀረውን ሞተሩና ሁለት ሰዎች እየጎተቱ ወሰዱት።

እዚህ ላይ ሐይቁ ዳነ ብዬ ብጽፍ ደስ ይላችሁ ይሆናል። አልዳነም። ገበያ ያለው ልብስ ሰፊ የቀረውን በአንድ ቀን ገጠመው፤ ባጠረው መረብ ሁለት ሳምንት ፈጅተው የቀረውን ሸምበቆ ጠረጉት። ከርሞ መጣ። እግራችንን ብንነክር የሚኮረኩረን አልነበረም። ውሃው አረንጓዴ ሆነና ሸተተ፤ የውሃ ወፎቹ አንድ ጠዋት ሄደው አልተመለሱም፤ ትንኙ በረከተ። አባቴ ዳር ቆሞ ነበር። የሚጎተት ስላልነበረ ሁሉም አብረውት ቆመው ነበር። ወንዶቹ ለዓመት ያህል እናቴ ጋ ልብስ አላሰፉም፤ ሴቶቹ ዩኒፎርሙን በጓሮ በር ያመጡላት ነበር። እሷም በጓሮ በር እየተቀበለች ትሰፋ ነበር።

መረቡን በፈታንበት ሳምንት የካርቶን ክዳን አምጥታ «ያንቺ ጽሑፍ ያምራል፣ ጻፊልኝ» አለችኝ። ምን ልጻፍ ብላት «አጎበር አይሰፋም» አለች። የዓይኗን መድከም የምታምንበት ቀን መጣ ብዬ ደስ እያለኝ ጻፍኩ። እሷ ከፊት በሩ በላይ፣ ወንዶቹ ወደ ሐይቁ ሲወርዱ በሚያዩት በኩል፣ በአራት ሚስማር መታችው። ካርቶኑ ዝናብ ሲበላው በሣንቃ ቀየረችው፤ ሣንቃው እስካሁን አለ።

ከዩኒቨርሲቲው አስተማሪ ጋር በተከራከርኩ ዕለት ማታ ስልክ ደወልኩላት።

«እማዬ፣ ያንን ክር አውቀሽ ነበር የተጠቀምሽው?»

 «አንቺን እኮ ጎበዝ ተማሪ ነች ይሉኛል» አለች።

አሁን የምሠራው እዚያው ሐይቅ ላይ ነው። ሸምበቆውን መልሰን ተክለናል፤ አጥረነዋል፤ አጥሩን ሁለት ጊዜ አፍርሰውብናል፣ ሁለት ጊዜ ሠርተነዋል። ባለፈው ወር በናሙና መውሰጃ መረቤ አሥራ አራት ጫጩት ዓሣ አገኘሁ፤ ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ቆጥሬ፣ መዝግቤ፣ መልሼ ለቀቅኳቸው። በቀጥታ ወደ እናቴ ወጣሁ። የት እንዳገኘኋቸው፣ ስንት እንደሆኑ፣ ምን ያህል እንደሚረዝሙ ነገርኳት።

ደስ ይላታል ብዬ ጠብቄ ነበር። የስፌት መኪናውን አቆመች፤ ተነስታ የፊት በሩን ከፈተችና ወደ ላይ፣ ወደ ሣንቃው አንጋጠጠች።

«ፊደሉ ለቋል» አለች። «ቀለም ይዘሻል?»

«አሁን ማን አጎበር ያሰፋል እማዬ?»

«ዓሣ መጥቷል አላልሽኝም? እነሱም ይመጣሉ። በይ ወንበር አምጪ።»